ዳዶ ያጠለቀው እንጨት

"እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ እንዴት ገባ?" የሚል ሰው የሌለበት ቤተሰብ ካለ አሳዩኝና ዛሬውኑ ዕቃዬን ጠቅልዬ እዚያ ልግባ። አጎት ሊሆን ይችላል፣ የአክስት ባል ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል። ከኪሱ አንድ ነገር አይጠፋም፤ የተቆላለፈ ሽቦ፣ የማይፈታ ገመድ፣ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ቁልፍ። ሰላምታ ሳትጨርሱ እጃችሁ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ የለም።

ለኔ የደረሱኝ አማቴ ናቸው። ሙሉ ማዕረጋቸው፦ ክቡር የሚስቴ አባት፣ የሠላሳ አንድ ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ በጡረታ፣ የማይቻሉ ነገሮች ዋና ሥራ አስኪያጅ። ሰፈሩ ግን አሳጥሮ "አባ እንቆቅልሽ" ይላቸዋል።

ዕቃው ይህን ይመስላል። መዳፍ የሚያህል እንጨት ነው፤ ሁለት ጫፎቹ ወፍራም፣ ወገቡ ቀጭን። ወገቡ ላይ አንድ ዳዶ አለ፣ ያ ብሎን ጫፍ ላይ የሚጠብቀው ብረት። ዳዶው ወገቡ ላይ እንደልቡ ይሽከረከራል፤ በየትኛውም ጫፍ ግን አይወጣም፣ ጫፎቹ ከቀዳዳው ይሰፋሉ። ብረቱ አልተቆረጠም፣ አልተበየደም። እንጨቱ አንድ ወጥ ነው፤ ስንጥቅ የለው፣ ኮላ የለው። እንግዲህ እንዴት ገባ?

መጀመሪያ እቤታቸው የሄድኩ ቀን ሥራህ ምንድን ነው አላሉኝም፣ የማን ልጅ ነህ አላሉኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ ሳጠና የከረምኩት ሁሉ ውሃ በላው። እንጨቱን እጄ ላይ አኖሩና "እስቲ ንገረኝ" አሉ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። በመጨረሻ "ዛፉ ዳዶው ውስጥ ነው ያደገው" አልኩ። አማቴ ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቀረብክ" አሉኝ፤ "ቀረብክ፣ ግን አልደረስክም።"

በኋላ እንዳየሁት ይህ መልስ ለሁሉም የሚታደል ነው። ኮላ ነው ያለውም ቀርቧል። ጎረቤት ያለችው መምህርት "አስማት ነው" ብላ ልትገላገል ብትሞክር እሷም ቀርባለች።

የመብራት ቆጣሪ አንባቢው አንድ ጊዜ ቁጥር ሊያነብ ገብቶ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ወጣ፤ ያውም ቁጥሩን ሳያነብ። አሁን በሩን አያልፍም፤ ከአጥር ውጪ ሆኖ "እማማ፣ ስንት ይላል?" ብሎ ይጮሃል። ሐኪማቸውማ ምን በደለ! ግፊታቸውን ሊለካ ክንዳቸው ላይ መለኪያውን ሲጠመጥም፣ በነጻው እጃቸው ከኮታቸው ኪስ እንጨቱን አወጡ። "ዶክተር፣ የኔን ተወውና እስቲ ይሄን እየው።" ውጪ ወረፋ የያዘው በሽተኛ ሲያጉረመርም ነርሷ በሩን ብትከፍት፣ ሁለቱ መስኮቱ ጋ ቆመው እንጨቱን በብርሃን ያገላብጣሉ። የአማቴ ግፊት የዚያን ቀን እንደ ጎረምሳ ነበር አሉ።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ላይ ያናድዱኝ ነበር። ልቤ የተመለሰው ሚስቴ የነገረችኝ ቀን ነው። አባቷ ሥራ ላይ ሳሉ ስልካቸው አያርፍም ነበር። "ቧንቧው ፈነዳ፣ ምን ይሻላል?" "ውሃው ከየት ነው የሚንጠባጠበው?" ምሳቸውን ትተው ይሄዳሉ። ጡረታ ወጡ፤ የብረት ቧንቧውም በፕላስቲክ ተተካ፤ ስልኩ ዝም አለ። ዝም ባለ በዓመቱ የመጀመሪያውን እንጨት ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። "እባክዎ ይንገሩኝ" ሲባሉ ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ብታዩ እናንተም አትናደዱም።

የሚሠሩት ቅዳሜ ነው፣ ከኩሽናው ጀርባ ያለችውን ክፍል ዘግተው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሚስታቸው፣ የእማማ፣ ትልቁ ድስት ይጠፋል። የእሑዱ ሾርባ ምን ምን ይላል ብትሉኝ፣ ሳንቃ ሳንቃ ይላል። እንግዳ ሲጠይቅ እማማ "ለጤና የሚሆን ቅጠል ነው" ይላሉ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

በሁለተኛው ዓመት ውሃ ልቀዳ ኩሽና ብገባ ድስቱ ይንተከተካል። ክዳኑን አነሳሁ። እንጨት! በመስኮቱ አሻግሬ ወደዚያች ክፍል ባይ ደግሞ ሞርሳው፣ ያ ብረት የሚጨብጠው መጭመቂያ፣ ሌላ እንጨት በመንጋጋው ነክሷል። ለካ ሲቀቀል ይለሰልሳል፣ ሲጨመቅ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ዳዶው ያልፋል። በቃ! ክዳኑን መልሼ ከደንኩና ባዶ ብርጭቆ ይዤ ወጣሁ። ትንፍሽ አላልኩም። ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ያንን እንጨት እያገላበጥኩ እሸነፋለሁ። በዚያ ቤት የታወቅሁ ደደብ ነኝ።

ጉዱ የመጣው ባለፈው ወር ነው። የሚስቴ ታናሽ እህት እጮኛዋን ለምሳ ይዛ መጣች። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ቁምነገረኛ ነው። የሚሠራው ግን የት መሰላችሁ? የወንበርና የጠረጴዛ ፋብሪካ። ያውም መሐንዲስ። ያውም እንጨት በእንፋሎት እያለሰለሱ የሚያጎብጡበት ክፍል ኃላፊ! ይህን ስሰማ ሾርባው ትን አለኝ።

አማቴ ደግሞ ደስታቸው ወሰን አጣ። አዲስ እንግዳ፣ ለዚያውም የተማረ! ሾርባው ሳያልቅ እንጨቱን አቀበሉት። "እስቲ ንገረኝ።"

መሐንዲሱ አንዴ አገላበጠው። ጫፉን ጠጋ ብሎ አየ። ከዚያ አሸተተው። አሸተተው እኮ ነው የምላችሁ! "አባባ፣ ይሄማ ቀላል ነው" አለ። "እኛ ጋ እኮ በየቀኑ እንጨቱን..."

የአማቴ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ፈገግታቸው ከፊታቸው አልጠፋም፤ ዐይናቸው ግን ፈርቷል። ሰባ አራት ዓመት የኖሩ ሰው፣ የቀረቻቸውን አንዲት ነገር እንዳይቀሟቸው በዐይናቸው ይለምናሉ።

በጠረጴዛው ስር እግሩን ረገጥኩት። የረገጥኩት የእማማን ኖሯል። እማማ ግን "ወይኔ" እንኳ ሳይሉ ቀጥ ብለው መሐንዲሱን አዩና "በእሳት ነው!" አሉ ጮክ ብለው። "ብረቱ ግሎ ሲሰፋ ነው የሚያልፈው። እኔ ዱሮም ብያለሁ።"

"ምን በእሳት!" ሚስቴ ቀበል አደረገች። "እንጨቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ነው የተጣበቀው።"

"ስንጥቁ የታለ ታዲያ?" አለች ታናሿ፣ እጮኛዋን በክርኗ እየጎሸመች። "ዛፉ ውስጡ አድጎ ነው።"

"የኔን ሐሳብ ሰረቅሽኝ!" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። ቤቱ ቀለጠ። በጫጫታው መሐል ሚስቴን አየኋት፤ አየችኝ፤ ሁለታችንም እማማን አየን። ለካ ሁላችንም እናውቃለን! ይሄን ሁሉ ዓመት አንዱ ከሌላው ተደብቆ ሲዋሽ ኖሯል።

መሐንዲሱ አፉን እንደከፈተ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ዞረ፤ መጨረሻ ላይ አማቴን አየ። እንጨቱን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ይቅርታ አባባ፣ ቸኮልኩ" አለ። "ኮላ መስሎኝ ነበር፤ ግን ኮላ የለውም። አላወቅሁትም።" ይህ ሰው ቤተሰብ ይሁን ብዬ የፈረድኩት ያኔ ነው።

አማቴ ማንኪያቸውን አወረዱ። "ቀረብክ" አሉት።

ከምሳ በኋላ ጠቀሱኝና ከኩሽናው ጀርባ ወዳለችው ክፍል ወሰዱኝ። በስምንት ዓመት አንድ ቀን ረግጫት አላውቅም። በሩን ከውስጥ ዘጉ።

"እናንተ ውሸታሞች" አሉኝ።

"አባባ፣ እኔ እኮ..."

"ተወው። እንደምታውቁ ካወቅሁ ቆየሁ። ማወቃችሁ ምንም አይደል። ከአፍ ከወጣ ግን ከእንግዲህ ማን ይጠይቀኛል?" አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "አሁን ና፣ ይሄን እጀታ አዙርልኝ። እጄ ጉልበት ከዳኝ። አንድም ሳልሠራ ሦስት ወር ሆነኝ።"

ሞርሳው ውስጥ ከድስት የወጣ ትኩስ እንጨት አለ። እኔም የልብ ልብ ተሰምቶኝ እጀታውን ጠምዘዝ አደረግሁት። እንጨቱ ቋ አለ።

"ቀስ በል እንጂ! ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዚያ ትጠብቃለህ።"

"አውቃለሁ አባባ" አልኩ፣ አሁንማ መደበቅ ምን ያደርጋል ብዬ። "ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፣ ዳዶው ያልፋል፣ አለቀ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ... አለቀ።"

"ጫፉ ተጨምቆ ቀጥኗል አይደል? ታዲያ ማን መልሶ አወፈረው?"

ስድስት ዓመት ሙሉ አውቃለሁ ብዬ ሳዝንላቸው፣ ይህቺን ለራሴ ጠይቄ አላውቅም።

አማቴ እጃቸውን አፋተጉ። "ሁለተኛ ይቀቀላል!" አሉ። ዳዶው ካለፈ በኋላ ተመልሶ ድስት ይገባል፣ ውሃ ሲጠጣ የተጨመቀው ጫፍ ያብጣል። ዳዶው ከማለፉ በፊት ግን ሞርሳው ውስጥ ሦስት ቀን መድረቅ አለበት፤ እርጥቡን ካወጡት ከእጅ ላይ ይመለሳል። ዳዶውም ሻማ ይቀባል፤ አለበለዚያ ዝገቱ እንጨቱን ያጠቁረዋል። ይህን እስኪደርሱበት አሥራ አንድ እንጨት ሰንጥቀዋል። እያንዳንዱ የት ላይ እንደተሰነጠቀ፣ ለምን እንደተሰነጠቀ ነገሩኝ። ቧንቧ ፈነዳ ተብሎ ስልክ የተደወለላቸው ይመስል ቆመው፣ በእጃቸው እያሳዩ፣ እያጣደፉ።

ሲጨርሱ ትንፋሽ ወሰዱና "ተረዳህ?" አሉኝ።

"አልተረዳሁም አባባ። እባክዎ እንደገና ይንገሩኝ" አልኩ። በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቴን ነበር።