ጋሽ ክንዱ የጠየቁ ዕለት

የትም ሰፈር አንድ ሁሉን አዋቂ አይጠፋም። ለእኛ በባሕር ዳር ዳርቻ ለምንኖር ለዘንዘልማዎች የደረሱን ሊቀ ሊቃውንት ጋሽ ክንዱ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ሐኪምም፣ ዳኛም፣ መሐንዲስም ሆነዋል። ቤቴን ሳሠራ ግንበኛውን ሁለት ጊዜ አባረውብኛል። ቄሱ ጾም የሚገባበትን ቀን ሊናገሩ ሲሉ እንኳ "ይህማ የታወቀ ነው" ብለው ይቀድሟቸዋል።

ካቻምና አብረን በሚኒባስ ወደ ከተማ ስንሄድ፣ ሾፌሩን ስለ ፍሬን እያስተማሩ ሳለ አፋቸው ድንገት ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ምላሳቸውም ተሳሰረ። እኔ ሞኙ፣ በሾፌሩ የሚያሾፉ መስሎኝ ሣቅሁ። ቀኝ እጃቸው እንደ ጨርቅ ዝልፍልፍ ሲል ሣቄን ትቼ ደገፍኋቸው። ሾፌሩ ተሳፋሪውን እንደያዘ ሆስፒታል አደረሰን። ስትሮክ ነበር።

በአራተኛው ወር ያለ ምርኩዝ ወደ ሰፈር ተመለሱ። ቧንቧ ተዘግቶ ነበር፣ ተከፈተ፣ አለቀ ብለው አስተማሩን። እኛም አለቀ ብለን ተቀመጥን።

ዘንድሮ ግን የገዛ በራቸውን አልፈው ሁለት ጊዜ ጎረቤት ቤት ገቡ። ባለቤታቸው እትዬ የሺአረግ ጨንቋቸው ጠሩኝና ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ዶክተር ሩሐማ መርምራ እንደነገረችን፣ ስትሮክ አንጎል ቆሻሻውን የሚያስወግድበትን መንገድ ሊያደናቅፍ ይችላል፤ ያኔ መጠረግ የነበረበት ፕሮቲን ውስጥ ውስጡን እየተጠራቀመ የማስታወስ ችሎታን ሊጎዳ ይችላል። ነገሩ ገና በጥናት ላይ ነው፤ የእሳቸውም ይኸው ይሁን አይሁን በእርግጠኝነት መናገር አልፈለገችም።

እኔ ክው አልሁ። ድነዋል ብለን ስንቀመጥ፣ ያ ሁሉ ጊዜ በዝምታ ሲጠራቀም ኖሯል ማለት ነው? ዞር ብዬ ጋሽ ክንዱን አየሁ፤ ዶክተሯን እስኪያርሟት እየጠበቅሁ።

"ይህን አላውቅም ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ምን ይሻለኛል፣ ልጄ?"

በአሥራ አምስት ዓመት ጉርብትና ሰው ሲጠይቁ ሰምቻቸው አላውቅም። እትዬ የሺአረግ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ዶክተሯ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ በእግራቸው እንዲሄዱ፣ ሰው እንዳይለያቸው መከረች።

ሰው የተባልሁት እኔ ነኝ። ከሥራ ስወጣ በጣና ሐይቅ ዳር ይዣቸው እሄዳለሁ። ትናንት የዐባይ ድልድይ ላይ ቆመው ወደ ውኃው እያመለከቱ፣ ዐባይ ጣና የሚገባው እዚህ ጋ መሆኑን አስረዱኝ። ዐባይ እዚህ ጋ ከጣና እንደሚወጣ እንጂ እንደማይገባ የባሕር ዳር ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔም አንድ ቀን ስተው ባገኘኋቸው እያልሁ ስመኝ ነው የኖርሁ።

"እስቲ ደግመው ያስረዱኝ፣ ጋሼ" አልኋቸው፣ ክንዳቸውን ያዝ አድርጌ።