አጎት የበዛበት ልጅ

ልጅ ለምን ጋንግ ይገባል ብላችሁ የተማረ ሰው ብትጠይቁ በትልልቅ ቃል ያደክማችኋል። እኔ ስድስተኛ ክፍልን እንኳ በወጉ ስላልጨረስኩ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ልጅ «የት ዋልክ?» የሚለው ሰው ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ካጣው ደጅ ይፈልገዋል። አለቀ።

ላስ ቬጋስ ደግሞ ቤቱ ሰው የሚያጣበት አገር ነው። እህቴ አልማዝ ካዚኖ ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፣ ባሏ ኦቨርታይም ካገኘ ስሙንም ይረሳል። የሚገናኙት ፓርኪንግ ላይ ነው፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲገባ። በዚህ መሀል የልጃቸው የናቲ ሱሪ ከወገቡ እየወረደ፣ እየወረደ መጣ። እኔ ሞኙ ቀበቶ ገዛሁለት። የከሳ መስሎኝ!

አንድ ቀን አልማዝ እያለቀሰች መጣች። «ወንድሜ፣ ልጄን ጋንግ ሊወስድብኝ ነው። ቅዳሜ ደብድበው ነው አሉ የሚቀበሉት።»

«ለዱላማ እኛ ምን አነስን?» አልኳት። ሳቀች፤ እንባዋ ግን አልቆመም። ያኔ እኔም ፈራሁ።

ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ለታክሲ ነጂ ጓደኞቼ ነገርኳቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? ከዚያ ወዲያ እነናቲ የሚቆሙበትን ጥግ ያለፈ የሐበሻ ታክሲ ሁሉ ክላክስ እያደረገ መስኮት ያወርዳል። «ናቲዬ! እማዬ ደህና ናት? ሆምወርክ ሠራህ?» ድምፁ ከክላክሱ የሚብሰው ጓደኛዬ ጉልላትማ ጭራሽ ፓርክ አድርጎ ወረደና የጋንጉን አለቃ፣ ያንን አንገቱን የተነቀሰ ጎረምሳ፣ ጉንጩን አገላብጦ ሳመው! «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አለው፣ በጥሩ አማርኛ።

አርብ ዕለት ናቲ እየተንጨረጨረ መጣ።

«አባረሩኝ! ታክሲ ባለፈ ቁጥር አጎትህ ነው፣ አንተን ይዘን ምን ሚስጥር አለን አሉኝ። ደስ አለህ?»

ደስ አለኝ እንጂ! አልማዝማ እልልታዋን አቀለጠችው። ለጎረቤት ምን እንበል? ልጄ ተባረረ ብላ እልል የምትል እናት አይተው አያውቁም።

«ጋንግስ እናንተ ናችሁ!» ብሎ ጮኸብኝ። «ጥጉን ይዛችሁ፣ ሰው እየሰለላችሁ፣ በክላክስ እየተጠራራችሁ!»

ልጁ አልተሳሳተም። ትንሽ ልዩነት ብቻ አለን። ከእነሱ ጋንግ ይኸው ሰው ይባረራል። ከእኛ ግን እንኳን መባረር፣ አንድ ቀን ስልክ ሳያነሱ መዋልም አይቻልም።