በቀላሉ የሚቀየር አምፖል

የመኪና ፋብሪካችን የንድፍ ክፍል ለሰው ልጅ የዋለው ውለታ ተነግሮ አያልቅም። ከሁሉ የሚልቀው ግን «ማንኛውም ባለቤት የመኪናውን የፊት መብራት አምፖል ያለ መካኒክ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንዲቀይር ለማስቻል» የተደረገው የአራት ዓመት ጥናት ነው። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ስለነበርኩ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

በአራተኛው ዓመት ናሙናዋ መኪና ተሠርታ ቆመች። ቁንጅናዋ ለጉድ ነው! አምፖሉ ግን ከባትሪው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ስለተሸጎጠ፣ የሞከሩት ዘጠኝ መሐንዲሶች ወይ እጃቸው አልገባም፣ ወይ ገብቶ አልወጣም። አንደኛውን በሳሙና ነው ያስለቀቅነው።

«ቀዳዳውን ሁለት ጣት ያህል ብናሰፋውስ?» አለች አዲሷ ነዳፊ።

ዋና ነዳፊው መነጽራቸውን አውልቀው በሐዘን አዩዋት። «ልጄ፣ ቀዳዳ ማስፋትማ ማንን ያቅተዋል? ችግሩ ያለው እጁ ላይ ነው። ትክክለኛው እጅ ይፈለግ!»

ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው እባካችሁ! የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እጁን ተለካ። በመጨረሻ ትክክለኛው እጅ የኮንትራት ጽዳት ሠራተኛችን ዘንድ ተገኘ።

«ከቀየርኩት ቋሚ ታደርጉኛላችሁ?» አለች፤ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች።

«ምን ጥያቄ አለው!» አሉ ዋና ነዳፊው።

እጇን ሰደድ አድርጋ በአርባ ሰከንድ ቀየረችው። ሁላችንም አጨበጨብን።

እኔ ግን አላርፍ አልኩና «መመሪያው የሚለው ባለቤቱ ይቀይር ነው፤ እሷ ደግሞ ባለቤት አይደለችም» ብዬ አሳሰብኩ።

«ታዲያ ባለቤት አድርጓታ!»

የአለቃ ትእዛዝ ነውና መኪናዋ በስሟ ዞረች፤ ሊብሬው ወጣ፣ ማኅተም አረፈበት። ለቦርዱ የቀረበው ሪፖርትም «ከተፈተኑት ባለቤቶች መቶ በመቶው በቀላሉ ቀይረዋል» ይል ነበር። መኪናዋን ወደ ፋብሪካው ስም መልሶ ማዞር ማንንም ትዝ አላለውም።

የምረቃው ዕለት እንግዶች ተሰብስበው፣ ሞተሩ ተነስቶ መብራቱ ሲበራ አንዱ አምፖል ድርግም አለ። ሴትዮዋ ተጠርታ መጥረጊያዋን እንደያዘች በሩጫ መጣች።

«ጋሼ፣ የቋሚ ቅጥሬ ነገር ከምን ደረሰ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«በጀት የለም። ኮንትራትሽም ዛሬ ያልቃል። አሁን እሱን ተይና አምፖሉን ቀይሪ፣ እንግዳ ፊት አታዋርጂን!»

ቀየረችው፤ አርባ ሰከንድ። እጇን ጠረገች፣ መጥረጊያዋን ለዋና ነዳፊው አስያዘች፣ ገብታም መሪው ጋ ተቀመጠች።

«አንቺ! ደግሞ መንዳት ትችያለሽ?»

«ለሹፌርነት ተወዳድሬ አይደል ለጽዳት የቀጠራችሁኝ?» አለችና ሊብሬውን ከጋዋኗ ኪስ አውጥታ በመስኮት አሳየቻቸው። እንግዶቹ የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው ቆመው አጨበጨቡ። የግቢውን በር የከፈተችላት አዲሷ ነዳፊ ናት።

እኔም በቃለ ጉባኤው እንዲህ ስል አሰፈርኩ፦ «ሙከራው ተሳክቷል። ባለቤቷ አምፖሉን ያለ ማንም እርዳታ ቀይረው፣ መኪናቸውን እየነዱ ወደ ቤታቸው ሄደዋል።»

ዋና ነዳፊው እስካሁን አልፈረሙበትም።