ጉም ውስጥ አቤት ያልኩ ቀን

አሜሪካኖች ስም የሚጠሩት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ልብ ብላችኋል? እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ሚራክል ማይል አካባቢ ክሊኒክ ቀጠሮ ነበረኝ። ነርሷ በሩን ገፋ አደረገችና ስሜን፣ እሷ ስሜ ነው ብላ ያሰበችውን ማለቴ ነው፣ አንድ ጊዜ ጠራች። ዝም አልኩ። ግራ ቀኝ አየችና ቀጣዩን ይዛ ገባች። በኋላ ተነስቼ ብጠይቃት "ጠርቼሽ ነበር፣ የለሽም" አለችኝ። አለሁ እንጂ። ግን አንዴ ለተጠራ ስም አቤት ይባላል እንዴ?

ወሎ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ያለ ሰው ለማን አቤት እንዳለ አያውቅም። ጂን አንድ ጊዜ ይጣራል፤ ግፋ ቢል ሁለቴ። ሦስተኛውን አይደፍርም ይባላል። ስለዚህ እናቴ ሁልጊዜ ሦስቴ ነበር የምትጠራን፤ ሦስተኛው ላይ ግን አርጩሜ ይዛ ነው። የአክስቴ ባልማ ቤቱ በእሳት ተያይዞ ጎረቤት ከውጭ ቢጠራው፣ ሦስተኛውን ጥሪ ሲጠብቅ ጣራው ሊወድቅበት ነበር ይሉናል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ሰውየው ግን ቅንድብ አልነበረውም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ተራራው ልነግራችሁ ፈልጌ ነው።

ባሌ ሰይድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በየበጋው ቦርሳ አዝሎ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ውስጥ ይገባ ነበር። ቀን ከቀን በእግሩ ይጓዛል። ሸለቆ ይወርዳል፣ ሐይቅ ዳር ያድራል፣ መጨረሻ ላይ ውሃ ከመሬት እየፈላ የሚወጣበት ቦታ ይደርስና ይመለሳል። የቀረውን ዓመት ጋርዴና ከተማ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ድራይቭ ያደርጋል። የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያልሳቀበት የለም። ባልትና የሚሸጡት እትዬ ሙሉ "አንተ ሰይድ፣ እኛ እኮ አገር ቤት ዳገት የወጣነው መኪና ስላልነበረን ነው። አንተ መኪናህን ፓርክ አድርገህ ዳገት ትፈልጋለህ?" ይሉት ነበር። እሱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ለኔም ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ፍል ውሃው ጋ ሰው ብቻውን አይደለም።" ምን ማለትህ ነው ስለው ቦርሳውን ማሰሩን ይቀጥላል። እኔም ጉልበቴን ያመኛል፤ ደግሞስ መሬት ላይ ለመተኛት ነው አሜሪካ የመጣሁት? አብሬው ሄጄ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳይፈታ ልቡ ቆመ። በቃ፣ እንዲህ ነው።

ሰይድ ታናሽ ወንድም አለው፤ ስሙ ይማም ነው። መልካቸው ጨርሶ አይመሳሰልም። ድምፃቸው ግን አንድ ነው። ከቀብር በኋላ ይማም ደውሎ "ሄሎ" ሲለኝ ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ሁለተኛ እንዳትደውል፣ ቴክስት አድርግ አልኩት። ፊት ለፊት ስንገናኝ ችግር የለም፤ "እትዬ" ሲለኝ ይማም መሆኑን አውቃለሁ። ሰይድ የሚጠራኝ ዘይነባ ብሎ ነው። ይማም የታላቅ ወንድሙን ሚስት በባዶ ስሟ ከሚጠራ ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል።

ዘንድሮ በጋው ሲገባ ፍል ውሃው ጋ እሄዳለሁ አልኩ። ሰይድ እዚያ ምን ይሰማ እንደነበር መስማት ፈለግኩ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ይማም ሰምቶ መጣ። "ኦኬ፣ እትዬ፣ ሐዘን ነው፣ ይገባኛል። ግን ሐዘን በመኪና አይሆንም?" አለኝ። አይሆንም አልኩት። ይማም ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ከመሪው እስከ ሻንጣው ክፍል ካልሆነ በእግሩ አይሄድም። ቢሆንም "የሰይድ ሚስት ብቻዋን ዱር ገባች ከሚሉኝ ድብ ይብላኝ" ብሎ ተከተለኝ።

የተራራው መግቢያ ላይ ፈቃድ የምትሰጠው ልጅ፣ ሽታ ያለው ምግብ ሁሉ ድብ በማይከፍተው የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ይግባ አለች። ይማም ቦርሳውን ፈታ። ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ በርበሬ፣ ንጥር ቅቤ። ልጅቷ አየች፣ አሸተተች፣ ከዚያ "ሽታ የሌለው ምን ይዛችኋል?" ብላ ጠየቀችው።

"ድንኳኑን" አላት።

እስከዚያ ድረስ ስንሳሳቅ ነበር። ሸለቆው ውስጥ ስንገባ ሳቃችን አለቀ። መጀመሪያ ያገኘነው ድሮ የተቃጠለ ጫካ ነው። ዛፎቹ ከሰል ሆነው ቆመዋል፣ ወፍ የለም፣ ነፋስ ሲመጣ ብቻ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላሉ። ቀጥሎ ሐይቁ። ተራራው ውስጡ ተገልብጦ ተኝቷል። ድንጋይ ብወረውርበት ድምፁ ዘግይቶ ከማዶ መጣ፤ ሌላ ሰው ሌላ ቦታ የወረወረው ይመስል። ከዚያ በኋላ ድንጋይ አልወረወርኩም። ስንሄድ ኮቴያችን ከሁለት ሰው ኮቴ ይበዛል። ስንቆም ደግሞ ከኛ ትንሽ ቆይቶ ይቆማል። ከኋላዬ ይሄድ የነበረው ይማም ቀድሞኝ ከፊቴ ሆነ። እኔም ኋላ መሆኑን አልወደድኩትም። መጨረሻ ላይ በዚያ ጠባብ መንገድ እንደ ልጅ ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ ሄድን።

ፍል ውሃው ጋ ስንደርስ ማስጠንቀቂያ ተተክሏል። ከመንገዱ አትውጡ፣ መሬቱ ስስ ነው፣ ሥሩ የሚፈላ ውሃ አለ ይላል። ራቅ ብለን ድንኳን ተከልን። ጠዋት ይማም ለውዱእ ቀዝቃዛ ውሃ ልቅዳ ብሎ በነጠላ ጫማ ወደ ጅረቱ ወረደ። እንደወረደ ጉሙ መጣ። ከላይ ጉም፣ ከታች እንፋሎት። የገዛ እጄን ማየት አቃተኝ። በይማምና በእኔ መካከል ያ ስስ መሬት አለ።

ጠራሁት። ይማም። ይማም። ይማም። ገደሉ ድምፄን ቆራርጦ በየአቅጣጫው በተነው። የሚሰማው ውሃው ብቻ ነው፤ ጉሮሮውን እንደሚያጸዳ ሰው ይንተከተካል። አንዱ ጋ ዝም ሲል ሌላው ጋ ይጀምራል። ይማም አንዱ ውስጥ ቢገባስ? እናቱን ምን እላታለሁ? ሁለቱንም ልጆቿን ለእኔ ሰጥታ ጨረሰች።

ያኔ ከእንፋሎቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ጠራኝ።

"ዘይነባ።"

አንድ ጊዜ። ጮክ ብሎ አይደለም፤ ከጎን ክፍል ሆኖ መነጽሬን አይተሻል ወይ ብሎ ሊጠይቅ እንደሚጠራ ሰው። የሰይድ ድምፅ ነው። ሦስት እስኪሞላ ጠበቅኩ። አልደገመም።

አስቡት እንግዲህ። ጂን ከሆነና አቤት ካልኩ፣ አቤት ያለን ሰው ይዞ ይቀራል የሚባለው በኔ ይደርሳል። ይማም ከሆነ፣ ከድንጋጤው የተነሳ እትዬ የምትለዋ ከአፉ የጠፋች ከሆነ፣ ዝም ካልኩት ሄዶ ይቀቀላል። ሰይድ ከሆነስ? ሰይድ ከሆነ ዝም የምል እኔ ማን ነኝ?

"አቤት" አልኩ። ደጋግሜ አልኩት። "አቤት፣ እዚህ ነኝ፣ አቤት።"

ብዙ ቆይቶ ይማም ከጉሙ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ነጠላ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ጣቶቹ ቀልተዋል፣ ግን አልተላጡም። ስጠራህ ለምን ዝም አልክ አልኩት።

"እትዬ፣ አንዱ ጥሪ ከቀኝ መጣ፣ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከላይ" አለኝ። "ሦስት ጂኖች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ጠርተውኝ ቢሆንስ? ወደ ፊት ልሸሽ እግሬን ሳነሳ ከኋላዬ አቤት ሰማሁ። ጂን ይጣራል እንጂ አቤት አይልም። ስለዚህ ዞርኩ።" ሊሸሽበት የነበረውን አቅጣጫ በእጁ አሳየኝ። ጉሙ ሲገለጥ አየነው። ድስት የመሰለ ጉድጓድ ነው፣ እየፈላ።

"በስሜ ስለጠራኸኝ አላዝንብህም" አልኩት። "ሰው ሲደነግጥ እትዬ አይልም።"

"በስምዎ? እኔ? ወላሂ አንዲት ቃል አልወጣኝም" አለ።

ወደ ሎስ አንጀለስ ስንመለስ፣ በረሃው መሃል፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ "ይማም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዘይነባ በለኝ፣ ያ ድምፅ ያንተ ይሁን የሱ ልስማውና ልፍረድ" አልኩት። "ኧረ እትዬ!" አለኝ። ለመንኩት። አዘዝኩት። አለቀስኩበት። "ሶ፣ እትዬ፣ ሌላ ነገር ይዘዙኝ፣ ከፈለጉ አሁኑኑ ተመልሼ ተራራውን ልውጣልዎ፤ ይሄ ግን ነውር ነው" አለና እስከ ሰፈራችን፣ እስከ ዌስት አዳምስ፣ ነዳ።

እትዬ ሙሉ ይህን ሰምተው ፍርድ ሰጡ። "ፈርቶ ጠርቶሻል፣ አፍሮ ይክዳል። አለቀ" አሉኝ። ይሆናል። ግን መኪና ውስጥ ባልቴት እያለቀሰችበት ነውርን ያልደፈረ ሰው፣ ጉም ውስጥ ይደፍራል?

ቢሆንም ሦስተኛውን ጥሪ ባለመጠበቄ አልተጸጸትኩም። ሰይድ እንደሆነ በሕይወቱም ቢሆን አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተናግሮ አያውቅም።