የአርባኛው ልምምድ ምስክር

በርቀት ትምህርት የሚማር ሰው ርቆ አያውቅም። የሚርቀው ኮሌጁ ነው። ተማሪው ሁልጊዜ ቤት ነው፤ ሊበላበት በታሰበው ጠረጴዛ ላይ ሞጁሉን ዘርግቶ «አንዴ፣ ይቺን ብቻ ልጨርስ» እያለ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከየዘመዱ አንድ አይጠፋም። አጠገቡ ደግሞ ከእሱ እኩል የምትማር፣ ሰርተፊኬት ግን የማይሰጣት ሚስት አለች።

የእኛዋ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ የፋብሪካ ጥበቃ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሮ ጉልበቱ «በቃኝ» ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የኤሌክትሪክ ሥራ በርቀት የሚማረውም ለዚሁ ነው። ፋብሪካው ለጥገና ክፍል አንድ ኤሌክትሪሻን ከውስጥ ሠራተኞች ሊወስድ ነው፤ የፈለገ እስከ ወሩ መጨረሻ ሰርተፊኬቱን ያቅርብ ተብሏል። ማስታወቂያውን በሩ ላይ የለጠፈው ራሱ ባሏ ነው። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏ ከዚያ በር ሲነሳ ከማየት ሌላ ምኞት የላትም።

«ሊቀ ሽቦ» የሚል ማዕረግ የሰጠችው እሷ ናት፤ ማዕረጉም ይገባዋል። አምፖል ለመቀየር ቦቲ ጫማና የጎማ ጓንት ያጠልቃል። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታው በፊት ዓይኑ የሚያርፈው ሶኬት ላይ ነው። ጎረቤት ምሳ ጠርታቸው ገና ወንበር ሳይዙ «ይሄ ቤት ግራውንድ የለውም፤ ሰው ይነዝራል» ብሎ አረፈው፤ ምስኪኗ ጎረቤት ሳምንቱን ሙሉ ፍሪጇን የምትከፍተው እጇን በፎጣ ጠቅልላ ነበር። ለልምምድ ቁጥር ዘጠኝ የካውያውን ሆድ ዕቃ የዘረገፈው ዕለት ደግሞ፣ የደንበኛ ሱሪ ተኩሳ ማስረከብ የነበረባት ሚስቱ ያወረደችበት ነገር እዚህ አይጻፍም። የእሱ መልስ ግን መቼም አንድ ነው፦ «ሞጁሉ የሚለው እንደዚህ ነው።»

ዋናው ጣጣ የልምምድ ደብተሩ ነው። መምህር ቤት ድረስ መጥቶ አያይም፤ ስለዚህ አርባውን ልምምድ አንድ አዋቂ ሰው በዓይኑ አይቶ፣ ሰዓት ይዞ፣ ውጤቱን በገዛ እጁ ጽፎ ይፈርማል። ሌላው ተማሪ ደብተሩን ለአጎቱ ይሰጥና አርባውንም ባንድ ቁጭታ አስፈርሞ ይገላገላል። ሊቀ ሽቦ ግን ምን በወጣው! ደብተሩ ሲከፈት ሚስቱን «አንቺ» ማለት እንኳ ያቆማል።

«ምስክር ሆይ፣ ዝግጁ ነዎት?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርቴ እያረረ ነው!»

«እንግዲያውስ ሽንኩርትዎን ያውርዱና ይቅረቡ።»

እንዲህ እየተባባሉ ሠላሳ ዘጠኙ አለቀ። አርባኛው ግን እምቢ አለ። አንድን አምፖል ከሁለት ቦታ የሚያበራና የሚያጠፋ መስመር ጣውላ ላይ መዘርጋት ነው፤ የተፈቀደው ጊዜ ሃያ አምስት ደቂቃ። አሥራ አንድ ዓመት የብረት በር የገፋ ጣት ለቀጭን ሽቦ ቶሎ አይታዘዝም። መጀመሪያ ሠላሳ አራት ደቂቃ ፈጀበት። እንደገና ሞከረ፤ ሠላሳ። ደብተሩ ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው ሃያ ስድስት ገባ፤ ሽቦውም አለቀ።

«ሃያ አምስት ብዬ ልጻፈው» አለች።

«ሃያ ስድስት ነው።»

«አንዲት ደቂቃ እኮ ናት! ማን ያያታል?»

«አንቺ አይተሻል» አላት። ደብተሩ ተከፍቶ ሳለ «አንቺ» ሲላት ይሄ የመጀመሪያው ነው።

«እንግዲያው ነገ በሩ ላይ ተገትረህ ስትውል ያቺን ደቂቃ ብላት!» አለችና እንባዋ መጣ። ከዚያም በንዴት፣ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ ተጭና፣ ሃያ ስድስት ብላ ጻፈች።

በማግስቱ የኮሌጁ ቅርንጫፍ ቢሮ አብረው ሄዱ። መዝጋቢዋ ወጣት ናት፤ ፊት ለፊቷ የሌሎች ተማሪዎች ደብተር ተቆልሏል፤ አርባኛውን በአሥራ ስምንት ደቂቃ የጨረሰ ጉድም አለበት። የእነሱን ስታገላብጥ ቆየችና ፈገግ አለች።

«ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ፣ ሃያ ስድስት? ሰው እንዲህ ብሎ ይጽፋል እንዴ? እትዬ፣ ምስክሯ እርስዎ ነዎት?» ነጩን ማጥፊያና እስክሪብቶ ገፋ አደረገችላት። «የመጨረሻዋን ብቻ ያስተካክሏት፣ አሁኑኑ ማኅተም አደርግበታለሁ። ለምን ይጎዳሉ?»

ባልየው ሚስቱን አላያትም፤ ኮርኒሱ ላይ ያለውን መብራት ነው የሚያየው። ትናንት እያለቀሰች የለመነችው ነገር ይኸው በእጇ ገባ። እስክሪብቶውን አነሳች። ግን እነዚያ ደንዳና ጣቶች ከሠላሳ አራት ሃያ ስድስት እስኪደርሱ ከጎናቸው ተቀምጣ ያየች እሷ ብቻ ናት፤ ሃያ አምስት ብላ ብትጽፍ ያ ሁሉ ልፋት ከአሥራ ስምንቱ ደቂቃ ውሸት ጋር አብሮ ሊቆለል ነው። እስክሪብቶውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ልጄ፣ እኔ ያየሁት ሃያ ስድስት ነው» አለች። «ሃያ አምስት ያየ ሌላ ምስክር ካለ ይምጣና ይፈርም።»

መዝጋቢዋ «እንግዲህ እንዳሉ» ብላ «አልተሟላም» የሚለውን ማኅተም አሳረፈችበት። ቀጣዩ ደብተር መቀበያ ጊዜ ከሦስት ወር በኋላ ነው። የጥገና ክፍሉ ቦታ ሦስት ወር ቁጭ ብሎ እንደማይጠብቃቸው ባልና ሚስቱ ያውቁታል።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ እሱ ወደ መስኮቱ እንደዞረ «ሽቦውን አስቀድሜ በልክ በልኩ ብቆርጠው ሃያ ሁለት እገባለሁ» አለ። አናደዳት። ደግሞም ወደደችው፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር በኋላ፣ ሰው በሰው ላይ በተጫነበት አውቶቡስ ውስጥ፣ እንደ አዲስ ወደደችው። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

ስልኳ ጮኸ። ታላቅ እህቷ ናት፤ ከጠዋት ጀምራ ስትጨነቅ የዋለች።

«እ? አለፈ?»

«ወደቀ!» አለች፣ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪዞር፣ ሰው «ልጄ ተመረቀልኝ» በሚልበት ድምፅ። «በአንዲት ደቂቃ! የጣልኩትም እኔው ነኝ!»