ቤቲ ማልታ ላይ ጀልባ የተሳፈረችበት ቅዳሜ

ሰው ሲፈራ ጂኦግራፊ ይማራል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔ ሜዲትራኒያንን አንድ ቀን እንኳ ሳላየው፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ከአስተማሪ በላይ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሜ ታምራት ከሊቢያ ተነስቶ ሲሻገረው፣ እኔ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ ሰፈር ካለው የብርድ ልብስ ሱቄ ተቀምጬ ዘጠኝ ቀን ስልክ ጠብቄያለሁ። በዘጠነኛው ቀን ደወለ። ማልታ ደርሷል። አብረውት ከተነሱት ግማሾቹ ግን አልደረሱም። ከዚያ ወዲህ እዚያው ማልታ ሲኖር፣ ከባሕሩ እየሸሸ ነው። ደሴት ላይ ተቀምጦ ከባሕር መሸሽ ምን ያህል እንደሚያደክም አስቡት እንግዲህ።

ታዲያ ባለፈው ሐምሌ ልጄ ቤቲ ለሥራ ማልታ ሄደች። ቤቲ እዚሁ የተወለደች የጆበርግ ልጅ ናት። ደወለችና፣ «ባባ፣ ቅዳሜ በጀልባ እንወጣለን። ስምንት ሰው ብቻ ነን። መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርገን ዓሣ እናያለን» አለችኝ።

«ወደሽ ነው የምትገቢው?» አልኳት።

«ሃይቦ ባባ!» አለች። ሃይቦ የዙሉ መገረሚያ ነው፤ ልጄ ስትናደድ ዙሉ ትሆናለች። «ላይፍ ጃኬት አለ። ሪላክስ! ጠዋት ወጥተን አራት ሰዓት እንመለሳለን።»

እስከ አራት ሰዓት ከሆነስ ብዬ ተጽናናሁ። ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ታምራት ጋ ደወልኩና አብረሃት ሁን አልኩት። «ወንድምጋሼ፣ ምን እየጠየቅከኝ እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። አውቃለሁ። አውቄ ነው የጠየቅኩት። አባት ሲፈራ ጨካኝ ነው።

«እሺ» አለ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ሆነ። የቤቲ ስልክ ዝግ ነው። የታምራትም ዝግ። አራት ተኩል። አምስት። ባለቤቴ አስቴር ከመደርደሪያው ኋላ ገብታ ጸሎት ጀመረች። እኔ ደንበኛ ቀይ ሲጠይቀኝ ሰማያዊ አወርዳለሁ። ስድስት ሰዓት ሆነ። መጀመሪያ የምፈራው ለአንድ ሰው ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኑልኝ። ባሕሩ አንዴ የተፋውን ሰው በገዛ አፌ ለምኜ መለስኩለት!

ሰባት ሰዓት ላይ አስቴር ብቅ ብላ፣ «አንተ፣ ይቺ ልጅ በማን ሰዓት ነው የምትቆጥረው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው! ቤቲ በሐበሻ ሰዓት ቆጥራ አታውቅም። የእሷ አራት ሰዓት የእኛ አስር ሰዓት ነው። ታዲያ ተረጋጋሁ? የት! ለሦስት ሰዓት የሚበቃ ተጨማሪ ፍርሃት አገኘሁ እንጂ።

አስር ሰዓት ሆነ። ዝም። አስር ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ባባ፣ ገና አሁን ኔትወርክ አገኘን፤ ችግር አለ» አለች ቤቲ።

ብርድ ልብስ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ።

«አጎቴ ከውሃው አልወጣም ብሏል። ካፒቴኑ እየለመነው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባው ገና ሲነቃነቅ ቤቲን ያስመልሳት ጀመር። አንድም ዓሣ ሳታይ ሎሚ እየመጠጠች ዋለች። ታምራት እስከ እኩለ ቀን ድረስ የጀልባውን ብረት ጨብጦ ተቀመጠ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ተነሳና ላይፍ ጃኬቱን አጥብቆ፣ ገመድ ይዞ ወረደ። ፊቱን ውሃው ውስጥ ደፋ። በቃ። ጀልባው በቆመበት ሁሉ እሱ ውሃ ውስጥ ነው።

በስንት ልመና ወጥቶ ስልኩን ተቀበላት። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«ወንድምጋሼ» አለ፣ «እስከ ዛሬ እዚያ ታች ያሉት የእኛ ልጆች ብቻ ይመስሉኝ ነበር። ዓሣም አለ። ሣርም አለ። ፀሐይዋ እስከ ታች ትወርዳለች።»

ከዚያ አለቀሰ። እኔም ፊቴን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀበርኩ።

ለልጄ ጠባቂ ልኬ ነበር፤ ለካ ቀኑን ሙሉ ከጀልባው ጫፍ ሆና ጠባቂውን ስትጠብቅ የዋለችው ልጄ ናት። ታምራትን ግን ፍርሃቱ ያን ቀን ለቀቀው። አሁን በየሳምንቱ ከዚያው ጀልባ ጋር ይወጣል፤ ጭራሽ በአየር ሲሊንደር ወደ ታች መጥለቅም ሊማር ነው አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ይዋኛል፤ እኔና አስቴር በሰላም ወጣሁ ብሎ እስኪደውል ጀፕ ላይ እንጾማለን።