የለችም የተባለችው አክስት ዘመቻ

ደራሲቱ በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል መስኮት በተሰየመች በአሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ የበኩር ልቦለዷ በታተመ በአርባኛው ቀን፣ በዕለተ ማክሰኞ ይህ ሆነ። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አክስቷ ከአናጢ ጋር ሲሟገቱ በግድግዳ ማዶ ሰምታ ነበር፤ ግማሹን ረስታዋለች፤ ግማሹ ግን፣ ፈጣሪ ጆሮን በከንቱ አልፈጠረምና፣ እንደ ሙጫ ይዟት ቀረ። ነገሩም አክስቲቱ «ወንበሩ ሲጢጥ ይላል»፣ አናጢው «አይልም» ቢባባሉ፣ አናጢውን ራሱን በሠራው ወንበር ላይ ከጧት እስከ ማታ አስቀምጠው ሲጢጥታውን ማስቈጠራቸው ነው። ደራሲቱም ይህን ዘር አድርጋ፣ ወረፋው በቀለለ ቍጥር በተበላሹ ካርዶች ጀርባ እየጻፈች፣ በዘጠኝ ዓመት መጽሐፍ አደረገችው።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ባለ ቀይ እስክሪብቶ የሚሉት የጋዜጣ ሃያሲ፣ ባለ ሹል ብዕር፣ የበኩር መጻሕፍት ድንጋጤ፣ እንዲህ ሲል ፈረደ፦ «ቋንቋው ይሄዳል። ግን አናጢ ወንበር ላይ አስቀምጣ የምትውል አክስት በዚህ ዓለም የለችም።» ደራሲቱ ይህን ባነበበች ጊዜ የስኳር በሽተኛውን ካርድ ለነፍሰ ጡሯ ሰጠች፤ የጀመረችውን ሁለተኛ መጽሐፍም ከሟቾች ካርድ ሥር ቀብራ፣ «ዳግመኛ ልቦለድ ብጽፍ እጄን ይቍረጠው!» ብላ ማለች።

ዜናው ወደ ወንበሩ ባለቤት ወደ ታላቋ አክስት፣ ወደ ግቢው መከታ፣ ሳያንኳኩ ገቢ ወደሆኑት ደረሰ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ አነበበላቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ «የለችም» ይል ነበር። ያን ጊዜ አዋጅ አስነገሩ፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በቁሜ ቀብረውኛል! ይሁን፣ እኔስ ልቀበር፤ የወንድሜን ልጅ ብዕር ያስጣላት ግን ዓይኔን ሳያይ አያድርም! ጫማ ያለህ ማሰሪያውን አጥብቅ፤ የሌለህ ተበደር!»

ተከትለዋቸውም ዘመቱ፦ ልብስ ሰፊው መርፌውን ከኮቱ ሳይነቅል፤ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ የከተማውን በር ሁሉ በቍጥር የሚያውቅ፤ ሁለት እኅትማማች አዋላጆች፣ ጩኸት የማያስደነግጣቸው፤ በመካከልም ያ አናጢ፣ አሁን ሸምግሎ፣ ያንኑ ወንበር ተሸክሞ፤ በስተመጨረሻ ደራሲቱ፣ ፊቷን በቦርሳዋ ጋርዳ፣ «ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» እያለች። በአውቶቡሱ ውስጥ ወንበር ወንበር ላይ ይቀመጣል ወይስ ይቆማል በሚል ክርክር ሦስት ፌርማታ አለፋቸው፤ በእግር ተመለሱ፤ አይፈረድባቸውም።

በጋዜጣው ቤት ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ነበርና እያለከለኩ በደረሱ ጊዜ፣ ታላቋ አክስት ወደ ሃያሲው ክፍል ሳያንኳኩ ገብተው አወጁ፦ «ይኸው አለሁ! ይኸው ወንበሩ፣ ይኸው አናጢው! አንተ ልጅ፣ ተቀመጥና መጽሐፉን ከአንድ ጀምረህ አንብብ!» ተቀመጠ፤ ወንበሩም ሲጢጥ አለ፤ አናጢው ወደ ጣሪያው አየ። ከረፋድ እስከ አመሻሽ አነበበ፤ አዋላጆቹ በየምዕራፉ የልብ ምቱን ለኩ። በመቶ አርባኛው ገጽ ላይ ሳቁ አመለጠው፤ ደራሲቱም በኮሪደሩ ሰምታው ቦርሳዋን ከፊቷ አውርዳ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

ሲጨርስም ከወንበሩ ተነሥቶ አወጀ፦ «እትዬ በእርግጥ አሉ። መጽሐፉ እንዲያውም አሳንሷቸዋል።»

ታላቋ አክስት ግን በዚህ አልረኩም፦ «የልጄን መሐላ ፈትቻለሁ፤ ኃጢአቱ በኔ ይሁን፣ ከፈጣሪ ጋር እኔ እነጋገራለሁ! እሱም በሁለተኛው መጽሐፍ ይግባ፤ መኖር አለመኖሩን አስነብቤ እፈርዳለሁ!»

ክብር ለታላቋ አክስት፣ ሕያውነታቸውን በእግራቸው ላስመሰከሩ፣ የተቀበረ ብዕር ላስነሡ፤ ዕድሜያቸው ይርዘም፣ ድምፃቸው አይለዝብ! ባለ ቀይ እስክሪብቶም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፤ ቁመቱ ላይ ጥቂት እንዲጨመርለት ብቻ ለምኖ፣ በመጽሐፉ ለመግባት እሺ አለ።